ከፈፋ የተገኘ የመስተዋት ስባሪ

ጥንታዊ ነገር ኹሉ ታሪክ አለው፤ ያረጀ የሚመስል ነገር ኹሉ ግን ጥንታዊ አይደለም። ይህን የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአክሱም ከተማ፥ የክረምቱ ጐርፍ ከጐደለ በዃላ፥ ከአንድ ፈፋ ውስጥ ኹለት የመስተዋት ስባሪዎች አገኘን። አንደኛው ወፍራምና አረንጓዴ ኾኖ ጠርዙ የተድቦለቦለ፥ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩትም የቀስተ ደመናን ኅብር የሚያሳይ ነበር። ኹለተኛው ስስና ደብዛዛ ስለ ነበር ናቅነው። አረንጓዴውን «የነገሥታት ጽዋ ነው» ብለን ለወዳጆቻችን በኵራት አሳየን።

ግምታችን ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ነጋዴ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዕቃዎችን ይቈጥራል። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በአክሱም በተደረገው ቍፋሮም ከመቃብሮች ውስጥ የመስተዋት ዕቃዎች ወጥተዋል።

በዚያ ዘመን በሜዲትራንያን አገሮች መስተዋት የሚሠራው አሸዋን ከናትሮን ጋር በማቅለጥ ነበር። ናትሮኑም በብዛት የሚገኘው አባቶቻችን ገዳመ አስቄጥስ ብለው ከሚያውቁት ከግብጹ ዋዲ ናትሩን ነው። ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን በቅርብ ምሥራቅ አገሮች የዕፀዋት ዐመድ ተተካ። ዐመዱ ከናትሮን ይልቅ ብዙ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ስላለው፥ ሊቃውንት እነዚህን ለክተው የመስተዋቱን ወገን ይለያሉ።

የዐይን ምስክርነት ግን ያሳስታል። ውሃ ከመስተዋቱ ፊት ሶዳውንና ፖታሹን ቀስ በቀስ ያጥባል፤ የቀረው ስስ ሽፋን በሽፋን ላይ እየኾነ ብርሃንን ይከፋፍላል። ይህ ኅብር በብዙ መቶ ዓመታት ሊመጣ ይችላል፤ በርጥብ አፈር ውስጥ ግን በጥቂት ዐሥርት ዓመታትም ይደርሳል። የጠርዙም መድቦልቦል ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር መፋተጉን እንጂ የዘመኑን ርዝመት አይመሰክርም።

ስለዚህ የአሠራሩን ምልክት መመርመር ይገባል። የቅርጽ ማውጫው መስመር እስከ አፉ ጫፍ የወጣ እንደ ኾነ፥ ጠርሙሱ በመኪና የተሠራ ነው፤ ማይክል ኦውንስ የተባለው አሜሪካዊ ጠርሙስን ያለ ሰው እስትንፋስ የሚሠራውን መኪና ያወጣው በ1903 እ.ኤ.አ. ነበር። ከታች ሻካራ ጠባሳ ቢገኝ፥ ሠሪው ዕቃውን በብረት ዘንግ ይዞት እንደ ነበር ያመለክታል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ስባሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የብረትን አረንጓዴነት ለማጥፋት ማንጋኒዝ ተጨምሮበት ፀሐይ የለወጠው ነው። ጥቍርና ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚሳለው ግን እሳተ ገሞራ የወለደው ባልጩት ሊኾን ይችላል፤ የጉራጌ ቆዳ ፋቂዎች በመሣሪያነት ሲሠሩበት የኖሩት እርሱ ነው።

እኛም የኵራታችንን አረንጓዴ ስባሪ አንድ ቀን አስተውለን ብንመለከተው፥ መስመሩ በአፉ ላይ አልፎ አገኘነው። የነገሥታት ጽዋ ያልነው የቢራ ጠርሙስ ነበር! የናቅነውን ስሱን ስባሪ ግን ከየትኛው ስፍራ እንዳነሣነው ሳንጽፍ ወደ ሌላ ፈፋ ጥለነው ነበርና ብንፈልገው አጣነው። ምናልባት መናገር የሚችለው እርሱ ነበር፤ እኛ ግን አፉን ዘጋነው።

መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ ከስፍራው ሳታነሡት ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። የተገኘበት ስፍራ የጠፋበት ስባሪ፥ አባቱን እንደማያውቅ ልጅ ነው፤ ማን መኾኑን ቢጠይቁት መልስ የለውም።