ጨው የሚያስጮኸው መሣሪያ

ኪፕ ዋግነር ሥራው ቤት መገንባት ነበር። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ ሰባስቲያን በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ማዕበል ባለፈ ማግስት ከአሸዋው ላይ የጠቆሩ የብር ሳንቲሞች ይለቅም ነበር። ክብ አይደሉም፤ ከብር ቁራጭ ላይ በመዶሻ የተመቱ፣ ዳራቸው የተሸራረፈ። ዓመተ ምሕረታቸው ከሚነበበው መካከል ከ1715 ወዲህ የተሠራ አንድም አልነበረም። ዋግነርን እረፍት የነሳው ይህ ነው።

ጁላይ 24 ቀን 1715፣ ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የተሰበሰበ ወርቅና ብር የጫኑ 11 የስፔን መርከቦች፣ አንድ የፈረንሳይ መርከብ ጨምረው ከሃቫና ተነሡ። በሳምንቱ አውሎ ነፋስ ደረሰባቸው። ፈረንሳዊቷ ስታመልጥ 11ዱም ጠፉ፤ ከአንድ ሺህ የማያንስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የተረፉት ዳርቻው ላይ ሰፈሩ፤ ስፔንም ጠላቂ ዋናተኞች ልካ የቻለችውን ያህል አወጣች፤ የቀረው ቀረ።

ዋግነር መጀመሪያ ባሕር አልገባም። በ15 ዶላር ከጦር ሠራዊት የተረፈ ፈንጂ ጠቋሚ ገዝቶ ደረቁን መሬት አሰሰ። ሚስማር አገኘ፣ የመድፍ ጥይት አገኘ፣ በመጨረሻም የአልማዝ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት። ያ መሬት የተረፉት ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነበር። ከዚያ ትይዩ ያለውን ባሕር ሲፈትሽ መድፎቹን አየ። በ1964 እሱና ባልደረቦቹ መርከቦቹ ከሰመጡባቸው ሥፍራዎች በአንዱ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲም አወጡ።

የ15 ዶላሩ መሣሪያ ዘር ግን ከሀብት ፍለጋ አይመዘዝም። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ቴሌፎን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ ሊጠቁም ሞክሮ ከሽፎበታል። ሐኪሙ የፈቀደለት በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈልግ ነበር፤ የአልጋው የብረት ሽቦም ሳያሳስተው አልቀረም ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የፖላንዱ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ ጠቋሚ በ1942 ኤል አላሜይን ላይ 500 ያህሉ ተሰማርቶ ለወታደሮች መንገድ ከፈተ።

ዛሬ ባሕር ውስጥ ይዘው የሚገቡትን ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ለመምረጥ ማወቅ የሚገባው ጠላት ጨው ነው። መሣሪያው በመዳብ ሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ ኃይል ይልካል፤ ኃይሉ ያገኘው ብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣል፤ ጥቅሉ የዚያን ምላሽ ሰምቶ ይጮኻል። የጨው ውኃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ባዶው ባሕር ራሱ «አለሁ» ይላል። በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ሐይቅ ላይ ምንም ሳይል ውሎ፣ የባሕር ሞገድ ጥቅሉን ባለፈበት ቁጥር እየጮኸ ያደነቁራል።

ከዚህ ለመውጣት አንዱ መንገድ አጭር ምት ልኮ ዝም ማለት ነው። የጨው ምላሽ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ ይሞታል፤ የብረቱ ትንሽ ይቆያል፤ መሣሪያው ጨው ጸጥ እስኪል ጠብቆ ያዳምጣል። ዋጋው ግን አለው። ቀጭን የወርቅ ሐብል እንደ ጨው ቶሎ ስለሚሞት ሳይሰማ ያመልጣል፤ የዛገ ሚስማርንና የወርቅ ሳንቲምን ለይቶ የመናገር አቅሙም ደካማ ነው፤ ሁለቱም ሲጮኹ ቆፋሪው ይደክማል። ሌላው ምርጫ በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ እያነጻጸረ ጨውን የሚቀንሰው ነው። የቀለበት ፈላጊ ዋናተኛ ይህን ቢይዝ ይሻለዋል፤ የሰመጠ መርከብ በጥልቀት የሚፈልገው ግን የመጀመሪያውን። በእኔ አስተያየት ሚስማርን እንደ ቆሻሻ የሚቆጥር መርከብ አያገኝም፤ ዋግነርን ሰፈሩ ላይ ያደረሰው ሚስማሩም ጭምር ነው።

የሁሉም የጋራ ጉድለት አንድ ነው። በ1997 ኤርትራ ውስጥ ብላክ አሳርካ ደሴት አጠገብ የተቆፈረችው ጥንታዊ መርከብ ዋና ጭነት የሸክላ ገንቦ ነበር፤ የዚያው ዓይነት ገንቦ ስባሪ አክሱም ላይም ተገኝቷል። ብረት ጠቋሚ በዚያ ክምር ላይ ቢያልፍ ድምፅ አያሰማም።