የአምቦ መንገድና የባዕድ አገር ሕመምተኞች

አንድ የውጭ አገር ሰው አምቦ ላይ ቢታመም ወዴት ይሄድ ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ወደ ኋላ ተከትለን ስንመረምር ግን በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የኖሩ ባዕዳን የሕክምና ታሪክ በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመ ሆኖ እናገኘዋለን።

አምቦ ራሷ የፈውስ ስም ያላት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» የተባለችው ያለ ምክንያት አይደለም። የማዕድን ውሃዋ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ተሸጧል፤ ወደ ፍልውሃዋም የአገር ሰውና ባዕድ ሳይለይ ቁርጥማትና የቆዳ ሕመም ያስቸገረው ሁሉ ይወርድ ነበር። የሙቅ ውሃ መታጠቢያ የመገጣጠሚያን ሕመም እንደሚያስታግሥ ሐኪምም አይክድም። ይሁን እንጂ ትርፍ አንጀቱ ለታመመበት ወይም ምጥ ለጠናባት ፍልውሃ ምን ይረባል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በመገኘቷ የወባ ሥጋት እንደ ቆላው አይደለም፤ ወደ ግቤ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ እንግዳ ግን ንዳዱን ይዞ መመለሱ ያጋጥም ነበር። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዋና ከተማው ይጓዝ ነበር።

በዋና ከተማው የሚጠብቀውም በአመዛኙ የአገሩ ሰው ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፈተ። የምኒልክ ሆስፒታል የተቋቋመው በ1902 ዓ.ም. ነው። ሌጋሲዮኖችም ሐኪም ያስመጡ ነበር፤ ለነገሩ፣ በ1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሰላም ውል ለኢጣሊያ የተፈራረመው ኔራዚኒ ራሱ ሐኪም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት ሐሳብ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪሞች ወደ ምዕራብ ሸዋ በመጡ ነበር። ሐሳቡ ቀረ፤ ለአዲስ ዓለም ተብሎ የተሠራው መንገድ ግን ቀርቶ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪሙ የሚያደርስ ሆነ።

የሆለታን ሁኔታ እንይ። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኰንኖች ሊያስተምሩ መጡ። ከእነርሱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙትን የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል (በኋላ የካቲት 12 የተባለውን) የሚመራው ስዊድናዊው ዶክተር ክኑት ሃነር ነበር። መኰንኑ በሆለታ፣ ሐኪሙ በአዲስ አበባ፣ ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። የወረራው ዘመን የራሱ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ እዚህ አልፈዋለሁ።

ከነፃነት በኋላም አሠራሩ አልተለወጠም። በ1939 ዓ.ም. የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ አገራችን የገቡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲሠማሩ፣ ድርጅታቸው የራሱን ሐኪሞች መድቦላቸው ነበር። በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት እርዳታ አምቦ ላይ የዕፀዋት በሽታ ምርምር ጣቢያ ሲቋቋም፣ የሶቭየት ቀይ መስቀል ሐኪሞች የሚሠሩበት የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል አስቀድሞ አዲስ አበባ ነበረ።

በእኔ አስተያየት ይህ ሁኔታ ለምዕራብ ሸዋ ጎጂ ጎን ነበረው። «ራጅ የለም፤ ደም የለም» ብሎ ሊጮኽና ጩኸቱም ሊሰማለት የሚችለው ሕመምተኛ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። የሚቀረው ከጂባት ወይም ከጊንደበረት በቃሬዛ የመጣው ገበሬ ነው፤ እርሱም የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም ይላል። የባዕዳን ሕክምና በሚገባ መደራጀቱ የአምቦን ሕክምና ጉድለት ለረዥም ጊዜ ሸፍኖታል።

አሁን የሚመጣው «የውጭ ዜጋ» ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ተወልዶ፣ በባሕር ማዶ አርጅቶ፣ የባዕድ ፓስፖርት ይዞ የተመለሰ ሽማግሌ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በማኅበራዊ አገልግሎቶች ለመጠቀም በውጭ ዜጎች ላይ የነበረውን ገደብ አንሥቶላቸዋል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የጡረታ አበሉ አምቦ ድረስ ሊከተለው ይችላል፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአገሩ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። በእኛም በኩል በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን የታቀደው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ጡረተኛ ያሰበው አልነበረም።

ሕመሙም ተለውጧል። ደም ግፊትና ስኳር በየወሩ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል መታጠብ አለበት፤ በአንጎሉ ደም የፈሰሰበትም በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ እንደ ቀድሞው መተማመኛ አይሆነውም። ሌጋሲዮን የለውም፤ ድርጅትም ሐኪም አልመደበለትም። ስለዚህ በአምቦ ሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ካርድ አውጥቶ፣ ከጊንደበረት ከመጣው ገበሬ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ራጁ ካልሠራም ይጠይቃል።