ከቀስት መርዝ ወደ ልብ መድኃኒት፦ የ«ዋባዮ» ታሪክ



የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የተቀዱ ናቸው። ከሶማልኛ የተወሰደ አንድ ቃል ግን በዓለም የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ እርሱም «ኡዋባይን» ነው። የዛሬው ንግግሬ የዚህ ቃል ታሪክ ነው።

ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ሕመም ግን የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 በላይ በሆነ ሥርዓት የለሽ ግፊት ይርገበገባሉ። በላይኞቹና በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለው አንጓ አብዛኛውን ያግዳል፤ የሚያልፈው ግን ልብ ደም የሚሞላበትን ጊዜ ይነፍገዋል። በአገራችን የሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቫቸውን የጎዳባቸው ወጣቶች ለዚህ ይጋለጣሉ።

የሶማሌ አዳኞች መረንዝ ከምንለው ዛፍ ወገን የሆነውን እንጨት ቀቅለው «ዋባዮ» የተባለውን የቀስት መርዝ ያወጡ ነበር። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ ልብን ያቆማል። በአንጀት በኩል ግን በጥቂቱ ብቻ ስለሚያልፍ የታደነው ሥጋ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ከዚሁ እንጨት ንጹሕ ክሪስታል አወጣ፤ ስሙንም ከሶማልኛው ወሰደ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊደሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 የጻፈለት ዲጂታሊስም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም በልብ ሕዋስ ላይ ያለውን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ይገታሉ፤ የልብን ጭምቀት ያበረታሉ፤ በቬገስ ነርቭ በኩልም አንጓውን ያዘገያሉ። ዴንማርካዊው የንስ ስኮው ይህን ፓምፕ ሲያጠና ኡዋባይን መሣሪያው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ዛሬ ፈጣን ምትን ለማብረድ በብዛት የሚታዘዙት ቤታ ብሎከሮች ናቸው፤ ከዲጂታሊስ ወገን የሆነው ዲጎክሲንም አልተረሳም። የሚያድነውና የሚገድለው መጠን ግን እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ዛፉን በቤት መሞከር ሞትን መጋበዝ ነው። ልቡ የሚፈጥንበት ሰው ዐርፎ ምቱን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠር፤ ጫት፣ ቡናና ሻይም ምትን እንደሚያፋጥኑ ያስብ። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ሳይዘገይ ሆስፒታል ሄዶ በኢሲጂ ይመርመር።

አርኖና ስኮው በስማቸው ይታወሳሉ፤ ዋባዮን መጀመሪያ የቀመሙት ግን ስማቸው አልተጻፈም። በጅግጅጋ የምትማሩ ሁሉ ከአባቶችና ከእናቶች የምትሰሙትን ስትመዘግቡ ከዕፁ ስም ጎን የነጋሪውንም ስም ጻፉ።