«ያልተገደበ» የተባለው ገደብ፦ የሆትስፖት ሙግት አጭር ታሪክ

ዛሬ ሁላችንም በየቀኑ ስለምንጠቀምበት ነገር ግን ታሪኩን ብዙም ስለማናውቀው ጉዳይ እናወጋለን። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሆትስፖት ክፈትልኝ» ማለት ዛሬ ውሃ አጠጣኝ እንደማለት ቀሏል። አንዱ ጥቅል ይገዛል፣ ሌላው በላፕቶፑ ይሠራበታል። ግን አንድ ጥያቄ አለ። ገንዘቤን ከፍዬ «ያልተገደበ» ተብዬ የገዛሁትን ኢንተርኔት በስልኬ ብጠቀምበት ወይም ከስልኬ ወደ ላፕቶፔ ባሻግረው ሻጩ ምን አገባው? ሐቁ የማን ነው? የገዢው ወይስ የሻጩ?

ይህ ጥያቄ አሜሪካን ከአሥር ዓመት በላይ አከራክሯል። ኩባንያዎች ተቀጥተውበታል፣ ሚሊዮኖች ፍጥነታቸው ተቀንሶባቸዋል፣ በመጨረሻም እሳት አደጋ ሠራተኞች በሰደድ እሳት መሃል ኢንተርኔታቸው ከጥቅም ውጪ ሆኖባቸዋል።

ከስማርትፎን በፊት የነበረው ሙግት

ነገሩ የተጀመረው በስማርትፎን አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ስልክ በአንድ ግዙፍ ኩባንያ እጅ ነበር፤ እሱም ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። መስመሩ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተቀመጠው ስልክ ራሱ የኩባንያው ንብረት ነበር፤ ደንበኛው በኪራይ ነው የሚጠቀመው። ደንቡም ኩባንያው ያላቀረበውን ማንኛውንም ዕቃ ከስልኩ ጋር ማያያዝ ይከለክል ነበር።

በዚያ ዘመን ሀሽ ኤ ፎን የሚባል ዕቃ ይሸጥ ነበር። በስልኩ መናገሪያ ላይ የሚገጠም እንደ ኩባያ ያለ ነገር ነው፤ አጠገብ ያለ ሰው ወሬህን እንዳይሰማ ያደርጋል። ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። ኩባንያው ግን ይህንንም ተቃወመ። ክርክሩ ዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1956 ለዕቃው ባለቤቶች ፈረደ፤ ደንበኛው ሌላውን ሳይጎዳ ስልኩን ለራሱ በሚጠቅመው መንገድ የመገልገል መብት አለው አለ።

ከዚያ ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው መጣ። እሱ የሠራው ካርተርፎን የመገናኛ ሬዲዮን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። መስመር በማይደርስበት ሩቅ ቦታ ያለ ሰው በሬዲዮው በኩል ስልክ እንዲያወራ ያስችላል። ልብ በሉ፤ ይህ በመሠረቱ የዛሬው ሆትስፖት ነው፤ የአንዱን መስመር ለሌላ መሣሪያ ማሻገር። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1968 ለካርተርፎን ፈቀደ፣ የኩባንያውንም ደንብ ሻረ። በዚያ በር ፋክሱ፣ የድምፅ መቀበያውና ሞደሙ ተከታትለው ገቡ። ኢንተርኔት በስልክ መስመር ወደየቤቱ የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ውሳኔው ግን የቤት ስልክን የሚመለከት ነበር። የሞባይል ኔትወርክ ሲመጣ ጥያቄው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

«ያልተገደበ» ለምን ርካሽ ሆነ?

አይፎን ሰኔ 2007 ገበያ ላይ ዋለ። በአሜሪካ ብቸኛው አገልግሎት አቅራቢ የኤቲ ኤንድ ቲን ስም የወረሰው ኩባንያ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በመጣው አይፎን 3ጂ ያልተገደበ ዳታ በወር 30 ዶላር ይሸጥ ጀመር።

ኩባንያው ለምን ቸር ሆነ? ቸርነት አልነበረም፤ ሒሳብ ነው። የዚያን ጊዜ ስልክ ስክሪኑ ትንሽ፣ ባትሪው ደካማ፣ ኔትወርኩም ዘገምተኛ ነበር። ሰው ኢሜይል ያያል፣ ካርታ ይከፍታል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። ኩባንያው ራሱ በ2010 እንደተናገረው 98 በመቶ የሚሆኑት የስማርትፎን ደንበኞቹ በወር በአማካይ ከ2 ጊጋባይት በታች ነበር የሚጠቀሙት።

ስለዚህ ገደብ ነበረ፤ ውሉ ላይ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ። ሆቴል ገብታችሁ ቡፌ ስትከፍሉ ባለሆቴሉ «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» የሚለው የአንድ ሰው ሆድ ስንት እንደሚይዝ ስለሚያውቅ ነው። ስልክን ከላፕቶፕ ጋር ማያያዝ ማለት በአንድ ሰው ሒሳብ ቤተሰቡን በሙሉ ይዞ መግባት ሆነ። በእንግሊዝኛ ይህን ማያያዝ «ቴተሪንግ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከብት ለግጦሽ ከሚታሰርበት ገመድ ነው። መጀመሪያ የሚያያዘው በእውነተኛ ገመድ፣ በኬብል ነበርና።

ድብብቆሽ

ሐምሌ 2008 መጨረሻ ላይ ኔትሼር የሚባል መተግበሪያ በአፕል መደብር ብቅ አለ። ዋጋው 9.99 ዶላር ነው፤ አይፎኑን ለላፕቶፕ የኢንተርኔት በር ያደርገዋል። ብዙ ሳይቆይ ከመደብሩ ተነሣ። ሰኔ 2009 አፕል ራሱ አገልግሎቱን በስልኩ ውስጥ አስገባው፤ በሌሎች አገሮች ሲከፈት በአሜሪካ ግን ኩባንያው አልፈቀደም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2010፣ ፈቀደ። ግን እንዴት? በዚያው ወር ያልተገደበውን ጥቅል ለአዲስ ደንበኞች ዘጋ። በምትኩ 200 ሜጋባይት በ15 ዶላር፣ 2 ጊጋባይት በ25 ዶላር አቀረበ። ላፕቶፕ ማያያዝ የፈለገ ደግሞ 20 ዶላር ይጨምራል። ለዚያ 20 ዶላር አንዲት ሜጋባይት እንኳ አይጨመርለትም! የገዛውን 2 ጊጋ ራሱን ነው በሌላ መሣሪያ የሚጠቀምበት። ሕዝቡን ያንገበገበው ይህ ነው። ያልተገደበ ለሚጠቀም ሰው ጭማሪ መጠየቅ ስሌት አለው ይባል፤ ሰፍሮና ቆጥሮ ለገዛ ሰው ግን ምንድን ነው የሚሸጥለት?

በዚሁ ክረምት አንድ ታዳጊ የሠራው መተግበሪያ ወሬ ሆነ። ሲያዩት ቀለም የሚቀያይር የእጅ ባትሪ ነው፤ ዋጋው 99 ሳንቲም። ውስጡ ግን የተደበቀ ቴተሪንግ ነበረው። ምስጢሩ በወጣ ጊዜ አፕል አነሣው። ጉግል በበኩሉ በ2010 ባወጣው አንድሮይድ 2.2 ላይ ሆትስፖትን ከስልኩ ጋር አብሮ ሠራው፤ ኩባንያዎቹ ግን በሚሸጧቸው ስልኮች ላይ ይዘጉት ወይም ያስከፍሉበት ነበር።

«ከስልኬ ይሁን ከላፕቶፔ በምን ያውቃሉ?» ትሉ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ የሚሄድ እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ «ከዚህ በላይ አትጓዝ» የሚል ቁጥር ይይዛል። በብዙ ስልኮች ቁጥሩ ከ64 ይጀምራል፣ በዊንዶውስ ከ128። በመንገዱ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ይቀንሳል። ከስልኩ በቀጥታ የወጣ 64 ሆኖ ይደርሳል፤ ከላፕቶፕ ተነሥቶ በስልኩ ያለፈ ግን 63 ወይም 127 ሆኖ ነው የሚታየው። ያቺ አንዲት ቁጥር ታሳብቃለች። ቁጥሩን የሚያስተካክሉ ሰዎችም አልጠፉም፤ ድብብቆሹ እንዲህ ቀጠለ። መጋቢት 2011 ኤቲ ኤንድ ቲ ሳይከፍሉ ያያይዛሉ ብሎ ለጠረጠራቸው ደንበኞች መልእክት ላከ፦ ወይ አቁሙ፣ ወይ ወደ 45 ዶላሩ ጥቅል እናዛውራችኋለን።

መንግሥት ሲገባበት

በዚህ መሃል አንድ የቆየ ውል ተነሣ። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ለሞባይል አገልግሎት የሚሆን የሬዲዮ ሞገድ በጨረታ ሸጦ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ትልቁ ገዢ ቬራይዘን ነበር። ከሞገዱ በአንዱ ክፍል ላይ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረ፦ የገዛው ኩባንያ ደንበኞች የመረጡትን መሣሪያና መተግበሪያ እንዳይጠቀሙ መከልከል አይችልም። ቬራይዘን ይህን አውቆ ገዛ፤ አራተኛውን ትውልድ ኔትወርክም በዚሁ ሞገድ ላይ ዘረጋ።

በ2011 ፍሪ ፕሬስ የተባለ የመብት ተሟጋች ድርጅት ቬራይዘን የቴተሪንግ መተግበሪያዎች ከጉግል መደብር ለደንበኞቹ እንዳይታዩ አስደርጓል ብሎ ከሰሰ። ሐምሌ 31 ቀን 2012 ቬራይዘን 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና መሰናክሉን ለማንሳት ተስማማ። ሰፍረው የሚገዙ ደንበኞቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማያያዝ ተፈቀደላቸው። በድሮው ያልተገደበ ጥቅል ላይ ያሉት ግን አሁንም ተጨማሪ ሊከፍሉ ይችላሉ ተባለ።

ይህ ውሳኔ ሁለቱንም ወገን በሚዛን ያየ ይመስለኛል። የለካህለትን ሰው በምን ዕቃ እንደሚጠጣው አትጠይቀው፤ ያልለካህለትን ግን መጠየቅ ትችላለህ። የኩባንያዎቹ ክርክር ባዶ አልነበረምና። የአንድ አንቴና አቅም በአካባቢው ላሉ ሁሉ ይከፋፈላል። ነሐሴ 2015 የቲ ሞባይል ኃላፊ የነበረው ጆን ሌጀር በአደባባይ እንደተናገረው አንዳንድ ደንበኞች የሆትስፖት ገደባቸውን በዘዴ እያለፉ በወር እስከ 2 ቴራባይት ይጠቀሙ ነበር። ይህ የጎረቤትን ድርሻ መንካት ነው። እንደ እሱ አባባል ግን እነዚህ ሰዎች ከመቶ ደንበኛ አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞሉ፣ ማለትም ከ10,000 ደንበኛ አንዱ ናቸው።

ኩባንያዎች ሌላ መንገድም ይዘው ነበር፤ «ያልተገደበ» የሚለውን ስም ሳይነኩ ፍጥነቱን ማውረድ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጥቅምት 2014 ኤቲ ኤንድ ቲን በዚህ ከሰሰ። በክሱ መሠረት ኩባንያው ከ3.5 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ያልተገደበ ጥቅል ደንበኞቹን ፍጥነት ከ25 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ቀንሷል፤ አንዳንዶቹን በወር 2 ጊጋባይት ብቻ እንደተጠቀሙ። ክርክሩ አምስት ዓመት ፈጀ። በ2019 ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የክሱ ፍሬ ነገር ፍጥነት መቀነሱ ብቻ አልነበረም፤ ለገዢው በበቂ ሁኔታ ሳይነገረው መደረጉ ነው።

ሰደድ እሳትና 25 ጊጋባይት

እስካሁን ያወራነው ስለ ዶላር ነው። በ2018 ክረምት ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

በካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ ኮምፕሌክስ የተባለው ሰደድ እሳት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተነሣ፤ በወቅቱ በግዛቱ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ሆነ። የሳንታ ክላራ አውራጃ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ኦኢኤስ 5262 የሚባል የማስተባበሪያ መኪና ላከ። መኪናው ውስጥ ልክ እንደ ስልክ ሆትስፖት የሚሠራ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያድል መሣሪያ አለ። የትኛው ቡድን የት እንዳለ፣ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በዚያ ነው። በቀን ከ5 እስከ 10 ጊጋባይት ይጠቀም ነበር።

የገዙት ጥቅል ስሙ «ያልተገደበ» ነው። 25 ጊጋባይት ካለፈ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። አለፈ፤ ወረደም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አንቶኒ ቦውደን ለፍርድ ቤት በሰጠው ቃል መሠረት ፍጥነቱ ከቀድሞው ወደ 200ኛ እጅ ዝቅ ብሎ ለሥራ የማይሆን ሆነ። ሠራተኞቹ ቬራይዘንን ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ዋጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ወደሆነ ጥቅል ተሻገሩ የሚል ነበር። እስኪስተካከል ድረስ በግል ስልኮቻቸውና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ባገኙት መሣሪያ ሠሩ።

ዜናው ሲወጣ አገር ተቆጣ። ቬራይዘን በአደጋ ጊዜ ገደቡን የማንሳት አሠራር እንዳለው፣ በዚህኛው ግን የደንበኞች አገልግሎቱ እንደተሳሳተ አመነ። ነገር ግን እሳት አደጋዎቹ ማንንም አላታለሉም። ደብቀው አላያያዙም፣ ቁጥር አልቀየሩም። ያመኑት የተሸጠላቸውን ቃል ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ዛሬ ኩባንያዎቹ ከዚህ ሙግት ተምረዋል፤ ቬራይዘን ራሱ በ2017 ያልተገደበ ጥቅልን ሲመልስ በፈጣኑ ኔትወርክ ለሆትስፖት የሚሆነው 10 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን ለይቶ ጽፏል። በአሜሪካም በአውሮፓም በባሕረ ሰላጤውም፣ እዚህ አገር ቤትም ጥቅል የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች ሦስት ነገር ጠይቁ። ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል? ሲቀንስ ወደ ስንት ይወርዳል? ከዚያ ውስጥ ለሆትስፖት የተፈቀደው ስንት ነው? በተለይ የቤተሰቡ ትምህርት፣ ንግድ ወይም ሥራ በአንድ ስልክ ላይ የተንጠለጠለባችሁ መልሱን ከመክፈላችሁ በፊት እወቁት።

ሻጭም ገዢም በዚህ ታሪክ ውስጥ የየራሳቸው ጥፋት አለባቸው። ውሉን እያወቀ በዘዴ ያለፈ ሰው የጎረቤቱን ድርሻ ወስዷል። ገደቡን በትንንሽ ፊደል ቀብሮ «ያልተገደበ» ብሎ የሸጠም የገዢውን ሐቅ ነክቷል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ከ10,000 አንድ ሰው መሆኑ፣ ሁለተኛው ግን ሚሊዮኖችን መንካቱ ነው።

ይጠቅማል ካላችሁ ለሌሎችም አጋሩት። እናንተ በምትኖሩበት አገር የሆትስፖት ደንቡ ምን ይመስላል? በአስተያየት መስጫው ጻፉልን።