ሉሲል ቦል፦ የሥራዋ ባለቤት የሆነች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ተዋናይት

ሉሲል ቦል በአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳ ተዋንያን አንዷ ናት። ተመልካች የሚያስታውሳት በአሳቂነቷ ነው፤ በሙያው ዓለም ግን የሥራዋን ባለቤትነት ለሌላ አሳልፋ ባለመስጠቷም ትታወሳለች።

የሕይወት ጅማሬ

ሉሲል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1911 በኒውዮርክ ግዛት፣ ጄምስታውን ከተማ ተወለደች። አባቷ በታይፎይድ ሲሞት አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በአፍላ ዕድሜዋ የትወና ትምህርት ቤት ብትገባም መምህራኑ ተስፋ የላትም ብለው አሰናበቷት። በ1933 ወደ ሆሊውድ አቀናች፤ አርኬኦ በተባለ የፊልም ኩባንያም በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጥራ ጥቃቅን ሚናዎችን ተጫወተች። ከ1948 ጀምሮ በሲቢኤስ የራዲዮ ኮሜዲ ስሟ ገነነ።

ሁለት ድርድሮች

ሲቢኤስ ኮሜዲውን ወደ ቴሌቪዥን ለማሸጋገር ሲጠይቃት፣ በድራማው ባሏን ሆኖ የሚተውነው እውነተኛው ባሏ፣ የኩባ ተወላጁ ሙዚቀኛ ዴሲ አርናዝ እንዲሆን ጠየቀች። ኃላፊዎቹ ተመልካች አይቀበለውም ብለው አመነቱ። ባልና ሚስቱ ግን በ1950 ዴሲሉ የተባለ ኩባንያ መሥርተው፣ በየከተማው መድረክ ላይ አብረው በመተወን ሕዝቡ እንደሚወዳቸው አስመሰከሩ።

ሁለተኛው ድርድር የገንዘብ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም ከኒውዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ጥንዶቹ ካሊፎርኒያ ሆነው በፊልም ለመቅረጽ ፈለጉ፤ ይህም ወጪውን ያንረዋል። ስለዚህ ደመወዛቸው እንዲቀነስ ተስማምተው፣ በምትኩ የፊልሞቹ ባለቤትነት የዴሲሉ እንዲሆን አደረጉ። አንድ ጊዜ የታየ ፕሮግራም ተደግሞ ሲታይ ገንዘብ ያስገኛል ብሎ የሚገምት በወቅቱ ጥቂት ነበር።

ነገሩ ለአንኮበርና ለጎረቤላ ገብስ አምራች እንግዳ አይደለም። የዘር እህሉን የሸጠ ገበሬ በመዝሪያው ወቅት ከገበያ በውድ ይገዛል፤ ዘሩን ያስቀመጠ ግን ለጊዜው ቢቸገርም ለከርሞ ማሳው ጦም አያድርም። ጥንዶቹ የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነበር።

«ሉሲን እወዳታለሁ»

ተከታታይ ኮሜዲው ከኦክቶበር 15 ቀን 1951 እስከ ሜይ 6 ቀን 1957 በ180 ክፍሎች ቀርቧል። በሦስት ካሜራዎች፣ በስቱዲዮ ተመልካች ፊት የተቀረጸበት ስልት ለኋለኞቹ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች አርአያ ሆኗል። ሉሲል የምትተውናት የቤት እመቤት መድረክ ላይ ለመውጣት የምትቋምጥና በየጊዜው ችግር ውስጥ የምትገባ ናት። በቸኮሌት ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ማጓጓዣው ሲፈጥንባት ቸኮሌቱን አፏና ባርኔጣዋ ውስጥ የምትከትበት ትዕይንት እስከ ዛሬ ያስቃል። ድንገተኛ የሚመስለው ሁሉ ግን ደጋግማ የተለማመደችው ነበር።

ሉሲል ስታረግዝ እርግዝናው በድራማው እንዲካተት ተደረገ፤ ሆኖም ሲቢኤስ «እርጉዝ» የሚለው ቃል በአየር ላይ እንዳይነገር ከለከለ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 የልደቱ ክፍል ሲተላለፍ 44 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። እርሷም በእውኑ ወንድ ልጅ የተገላገለችው በዚያው ዕለት ነው።

ከተዋናይት ወደ ስቱዲዮ ባለቤት

ዴሲሉ ፊልሞቹን ከጊዜ በኋላ ለሲቢኤስ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። በ1957ም ሉሲል በአንድ ወቅት ተቀጥራ የሠራችባቸውን የአርኬኦ ስቱዲዮዎች ገዛ። ባልና ሚስቱ በ1960 ሲፋቱ ትዳሩ ፈረሰ እንጂ ኩባንያው አልፈረሰም፤ በ1962 የአርናዝን ድርሻ ገዝታ ፕሬዚዳንት ሆነች። በእርሷ አመራር ዘመን «ስታር ትሬክ» እና «ሚሽን ኢምፖሲብል» ተሠርተዋል። በ1967 ኩባንያውን በ17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠች።

ሉሲል በራሷ ተከታታይ ኮሜዲዎች እስከ 1974 ቀጥላለች። በ1986 የጀመረችው የመጨረሻ ሥራዋ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቋረጠ። ኤፕሪል 26 ቀን 1989፣ በ77 ዓመቷ አረፈች።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ከደራሲያን በተጨማሪ ለከዋንያን መብትም ዕውቅና ሰጥቷል። አንዲት ተዋናይት ውል ስትፈርም ከክፍያው መጠን ጋር ልትጠይቀው የሚገባ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሥራው ተደግሞ ሲታይ ገቢው የማን ነው?