አራዳ ሲነሣ ደንበኛው ለምን ተከተለ?

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአርበኞችን ተጋድሎ እናነሣለን፤ ሊነሣም ይገባዋል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው የተመለሱትም በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ከጦር ሜዳው ርቆ የተደረገ፣ ብዙም ያልተወራለት ሌላ ታሪክ አለ። የከተማዋ ትልቁ ገበያ ከአራዳ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ጣሊያን ወጣ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። ለምን አልተመለሰም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሁለት መልስ ይሰጠዋል። መልሱ ደግሞ ሱቅ የከፈተን ሁሉ ይመለከታል፤ ደንበኛን ምን ያመጣዋል፣ ምንስ ያቆየዋል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነውና።

ነገሩን ከአዲሱ ገበያ ብንጀምረው መንገዱ ይታየናል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ የጎጃም መንገድ ወደ እንጦጦ ዳገት ሊወጣ ሲል የምናገኘው ይህ ሰፈር የከተማዋ የሰሜን በር ነው። በሱሉልታ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ አዲስ አበባ የምትጀምረው እዚህ ነው። ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ይህንን የከተማ ጫፍ ያውቁታል። ከዚህ ታክሲ የያዘ ሰው ሰሜን ሆቴልንና ሰሜን ማዘጋጃን አልፎ ቁልቁል ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ይወርዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ከሰሜን የመጣ ገበያተኛ እንጦጦን ተሻግሮ የሚወርደው ወደዚያው ወደ ጊዮርጊስ ነበር። እዚያ የሚጠብቀው የአራዳ ገበያ ነው።

የአራዳ ታሪክ ብዙ ስለተጻፈበት አላስረዝመውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያዋ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተተከለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደምቃል። እህሉ፣ ቅቤና ማሩ፣ ቡናው፣ ሸማው፣ በቅሎው፣ አሞሌ ጨው ሁሉ የየራሱ ቦታ ነበረው። ቀረጡን የሚያስከፍል፣ የነጋዴውንም ክርክር የሚዳኝ ነጋድራስ ነበር። ከነጋድራሶቹ ስመ ጥሩው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነው፤ ወንጀለኛ የሚቀጣውም በገበያ። ዙሪያውን የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያና የአርመናዊው የኬቮርኮፍ ንግድ ስማቸው የገነነ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ዕቃው በረከተ፤ አራዳም የአገሪቱ የንግድ እምብርት ሆነ።

ከዚያ ወረራው መጣ። ኢኛዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ ጣሊያናውያን ለከተማዋ ያዘጋጁት ፕላን በዘር መለያየት ላይ የቆመ ነበር። ነጩ በአንድ ወገን፣ አገሬው በሌላ ወገን ይኑር፤ የነጭ ሱቅና የአገሬው ገበያ አይቀላቀሉ የሚል ነበር። አራዳ ለአውሮፓውያኑ ተወሰነና ፒያሳ ሆነ። የአገሬው ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ እንዲሄድ ታዘዘ። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛው ወገን መርካቶ የጣሊያን ልጅ ነው ይላል። ፕላኑን ያወጣው፣ ቦታውን የመደበው፣ ሰዉን ያንቀሳቀሰው ወራሪው ነው፤ ነጋዴውም ሸማቹም የሄዱት አማራጭ ስላጡ ነው ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ጣሊያን የሰጠው ባዶ ሜዳና ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ገበያ ያደረገው የጉራጌው፣ የየመናዊው ዓረብ፣ የሸማኔው፣ የጨው ነጋዴው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት ጥረት ነው ይላል።

የመጀመሪያው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። ትእዛዙ በጽሑፍ አለ፤ ፕላኑም አለ። ከ1933 በኋላም ፒያሳ በሱቅና በቡና ቤት ተሞልቶ ስለነበር ለሰፊ የሜዳ ገበያ የሚሆን ቦታ ከቶ አልነበረውም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የቦታ መጥበብ ገበያው አለመመለሱን እንጂ ማበቡን አይፈታልንም። በትእዛዝ የተመሠረቱና አዛዡ ሲሄድ የፈረሱ ስንት ነገሮች አሉ። መርካቶ ግን አዛዡ ከሄደ በኋላ ይበልጥ ሰፋ፤ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎችም አንዱ ለመባል በቃ።

ትእዛዝ በገበያ ላይ እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ የሚያሳየን ሌላ ማስረጃ አለ፤ እሱም ገንዘቡ ነው። ያገራችን ነጋዴ ለረጅም ዘመን የሚያምነው ማርትሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር ነበር። ኦስትሪያዊቷ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር ይታተም ነበር። ገበያተኛው ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን የፀጉር ጌጥ ሉሎች፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን መርፌ አገላብጦ ያያል፤ ምልክቱ ከደበዘዘ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን ብር አስመትተው ነበር። ክብደቱ እንደ ማርትሬዛው 28 ግራም ገደማ ነው፤ የብሩም ጥራት አያንስም። ያም ሆኖ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

የዘመኑ አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ለዚህ ያቀረቡት ምክንያት የገበሬው ግትርነት ነበር። እኔ ግን ገበሬው አስቦ የወሰነ ይመስለኛል። ማርትሬዛ በቀይ ባሕር ማዶም፣ በሱዳንም ይሠራል። ቡናና ቆዳ የሚገዛው ነጋዴ ይቀበለዋል፤ ልጅ ሲዳርም፣ ከብት ሲገዛም የሚጠራጠረው የለም። ጣሊያኖችም ይህን ያውቁ ስለነበር ወረራውን ሲያሰናዱ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ማኅተም ከቪየና ወስደው ጠገራውን ሮም ላይ ማተም ጀመሩ። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ሊሬን በአዋጅ ሊያሠሩት ሞከሩ፤ እህል ይዞ የመጣው ባላገር ግን ሊሬውን እየሸሸ ጠገራውን ይጠይቅ ነበር። ገበያውን በትእዛዝ ከአራዳ ማንሣት የቻለ መንግሥት አንዲት ቁና ጤፍ በሊሬ ማሸጥ አቃተው ማለት ነው። እንግዲያው የመርካቶን ማበብ ለፕላን አውጪዎቹ ብቻ መስጠት ፍትሕ አይሆንም።

ታዲያ ደንበኛውን ምን አስከተለው? የመጀመሪያው ተራው ነው። አራዳ ላይ ዕቃው ሁሉ የየራሱ ቦታ እንደነበረው መርካቶም በተራ ተደራጀ። ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ድንች ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ጨው በረንዳ የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ አሉ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለውጭ ሰው እርስ በርስ መሻማት ይመስለዋል። ለሸማቹ ግን ዋስትና ነው። ከአንዱ ቢያጣ ከጎረቤቱ ያገኛል፤ ዋጋ ያነጻጽራል፤ ሻጩም በብዙ ዓይን ፊት ስለሚሸጥ ማጭበርበር ይከብደዋል። ደንበኛው ቦታው ቢቀየርበትም አሠራሩ አልተቀየረበትም።

ሁለተኛው ሰንሰለቱ ነው። በወረራው ዘመን የመሐመድ አሊ ኩባንያ ተዘግቶ ባለቤቶቹ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ ትልቁ መደብር ከገበያው ወጣ። ትንንሾቹ ግን ቀሩ። ከጉራጌ አገር የመጣው ወጣት ሊስትሮ ሆኖ ይጀምራል፤ ጥቂት ሲያጠራቅም ሱቅ በደረቴ አንግቶ መርፌና ክር፣ ክብሪትና ማበጠሪያ እየያዘ በየበሩ ይዞራል። ቀጥሎ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም በእቁብ ገንዘብ ሱቅ ይይዛል። ይህ ወጣት የየሰፈሩን በር በእግሩ ያውቀዋል። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን በወር መጨረሻ እንደሚከፍል፣ ማን ልጅ እንደሚድር ያውቃል። ዛሬ ኩባንያዎች ስለ ደንበኛቸው ለማወቅ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበትን ነገር እሱ የሚያገኘው በየቀኑ በመዞር ነበር።

ሦስተኛው የዓረብ ሱቅ ነው። የየመን ዓረቦች በየሰፈሩ የከፈቷቸው ትንንሽ ሱቆች ማልደው ይከፈታሉ፤ አምሽተው ይዘጋሉ። ስኳሩ በጥቂቱም ተመዝኖ ይሸጣል፤ ዘይቱ በስኒ፣ ሻማው በፍሬ። ለላከችው እናት ዕቃው በዱቤ መዝገብ ይጻፋል፤ ለተላከው ልጅ ከረሜላ ይሰጠዋል። ያ ልጅ ነገ ሲላክ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ አገር ሲለቁ ሱቆቹን የያዙት ያገር ልጆች ዘዴውን አልቀየሩትም። ምክንያቱም ያ ዘዴ የሚሠራው የደመወዝተኛውንና የዕለት ጉርስ ፈላጊውን ኑሮ ተከትሎ ስለሆነ ነው። ገንዘቡ ያለው ቀን ይከፍላል፤ የሌለው ቀን ይታመናል።

አራተኛው ምርቃት ነው። ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ የምትጨምረው ባለ ጉልት፣ ቅቤውን በእጅ ጀርባ አስነክታ የምታስሸትት ሻጭ፣ ማሩን ቀምሰህ ውሰድ የሚል ነጋዴ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ገዢው ዋጋውን ከተከራከረ በኋላ በቂም ሳይሆን በምስጋና እንዲሄድ ያደርጉታል። በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ በ1852 እ.ኤ.አ. ቦን ማርሼ የተባለውን ሱቅ ሲይዝ ደንበኛን የሳበው በተቃራኒው መንገድ ነበር። ዋጋውን ቁርጥ አደረገ፤ ያልተመቸው ዕቃውን እንዲመልስ ፈቀደ፤ ክርክርን አስቀረ። የኛ ነጋዴ ክርክሩን አላስቀረም፤ መጨረሻውን ግን አሳመረው። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ገዢው አልተታለልኩም ብሎ እንዲያምን ነው።

እርግጥ ነው፣ መተማመን ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። አቡጀዲን እናስታውስ። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በ1903 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊፈራረም ሲመጣ የአሜሪካ አቡጀዲ በኢትዮጵያ ገበያ የታወቀና የተወደደ ነበር። ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት ግን የጃፓን ርካሽ ጨርቅ መጥቶ ከቦታው አስለቀቀው። ደንበኛ በመታመን ይቆያል፤ የዋጋው ልዩነት ከኪሱ አቅም በላይ ሲሆን ግን ይሄዳል።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ገበያው ወደ ሰፈር ደጃፍ መውጣቱ ቀጠለ። ቆራሌው እየጮኸ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባል፤ ልዋጩ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ በአሮጌ ልብስ ይለውጣል። ደላላው ገዢና ሻጭ ያገናኛል። በየሰፈሩ ጉልት ተተከለ። ሩቅ ላሉት ሰፈሮችም የየራሳቸው ገበያ ሆነላቸው፤ በምሥራቅ ሾላ፣ በሰሜን አዲሱ ገበያ አለ። የአዲሱ ገበያ ባለ ሱቅ ከመርካቶ ጅምላ አምጥቶ ለጉለሌ ነዋሪ ይቸረችራል፤ ለበዓል በግና ዶሮ የሚፈልገውም እስከ መርካቶ ሳይወርድ እዚያው ይገዛል። አራዳ በነበረ ጊዜ ቁልቁል ይወርድ የነበረው የሰሜን ገበያተኛ ገበያው ቀረበለት።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሶ ብዙ ባለ ሱቆች ተነሥተዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት የስንት ነጋዴ ጥሪት አወደመ። ከቦታው የተነሣ ነጋዴ ዕቃ እንደገና መግዛት፣ ቤት እንደገና መከራየት ይችል ይሆናል። የሚከብደው ደንበኛውን እንደገና ማግኘት ነው። ዛሬ በር ላይ «ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ቁጥር ጋር ይለጠፋል፤ የቴሌግራም ቻናል ይከፈታል፤ ዕቃው በቲክቶክ ይታያል፤ ከግንቦት 2013 ወዲህ ደግሞ ክፍያው በቴሌብር ይላካል። መሣሪያው ተለውጧል፤ የሚያቆየው ነገር ግን በአራዳም በመርካቶም የሠራው ነው። ገዢው ሻጩን ያውቀዋል፤ ሻጩም ገዢውን።

ስለዚህ ከተማዋን የሚያድሱ ኃላፊዎች ከ1928 እስከ 1933 ከሆነው አንድ ነገር ቢወስዱ መልካም ነው። ገበያ ሲነሣ ጎረቤትን ከጎረቤት አይነጥሉ፤ ተራው እንደ ተራው ይሂድ፤ ባለ ሱቁ ለደንበኛው አዲሱን አድራሻ የሚነግርበት በቂ ጊዜ ይሰጠው። ነጋዴውም በበኩሉ በቻናሉ የሚያሳየውን ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ያኑር፤ ሚዛኑን ያስተካክል፤ ምርቃቱን አይርሳ። ቦታ በትእዛዝ ይሰጣል፣ በትእዛዝም ይወሰዳል። ደንበኛ ግን በመታመን የሚገኝ ሀብት ስለሆነ፣ እሱን ይዞ የተነሣ ነጋዴ የትም ቢሄድ ገበያ ያቆማል።