አርባ ሰው ወይስ ስምንት?

ሰዎችን በቡድን አሰባስቦ፣ ዋጋውን አንድ ላይ ቆርጦ «ኑ ተከተሉኝ» ማለትን ያስለመደው ሰው ለሆዱ ያደረ አልነበረም። ቶማስ ኩክ አናጺነትንና ማተሚያ ቤትን የሞከረ እንግሊዛዊ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ እያስከፈለ፣ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጉዞው ዓላማ መጠጥን የሚያወግዝ ስብሰባ ነበር። ዛሬ በየወይን ጓዳው እየዞሩ ብርጭቆ የሚያጋጩ ቡድኖች የዘር ሐረጋቸውን ቢቆጥሩ የሚደርሱት ከዚህ ጸረ መጠጥ ሰባኪ ደጃፍ ነው።

ኩክ በ1864 ደንበኞቹን ወደ ጣሊያን መውሰድ ጀመረ። በዓመቱ ቻርልስ ሌቨር የተባለ ደራሲ፣ በዚያን ጊዜ ላ ስፔዚያ በተባለችው የጣሊያን ወደብ የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል የነበረ፣ በብዕር ስም ተደብቆ ወረደባቸው። እንደ ከብት እየተነዱ ከተማውን ያጨናንቃሉ፤ አውስትራሊያ አልቀበልም ያለቻቸው ወንጀለኞች ናቸው ብሎ እስከ መጻፍ ደረሰ። ኩክም አልተኛለትም፤ ተራው ሰው አገር ማየቱ ለምን ያንገበግብሃል ሲል መለሰለት። እኔ ሁለቱንም አነበብኩና ልቤ ወደ ኩክ አደላ። የሆነ ሆኖ የአርባው ሰው አውቶቡስና የስምንቱ ሰው ቡድን ጠብ የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ መቆፈሬ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ዕቁብ ጥለን ባጠራቀምነው ገንዘብ ጣሊያን አገር ለምግብ የሚደረግ ጉዞ ልንሄድ አስበናል። በእጃችን ሁለት የማስታወቂያ ወረቀት አለ። አንደኛው አርባ ሰው ጭኖ በስምንት ቀን ሰባት ከተማ ያዞራል። ሁለተኛው ከስምንት ሰው በላይ አይወስድም፤ ቦሎኛ ላይ ስድስት ቀን ያርፍና ጠዋት ጠዋት ወደ ፓርማና ወደ ሞዴና ይወጣል፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረው። ከገንዘቡ በላይ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ወንድሟን ያጣች ሴት ነበረች። ፓስታ እስክትሞት ድረስ ከቤቷ አልገባም። ማኪያቶውም፣ ስጎውም፣ ፉርኖ ዳቦውም ከማን እንደመጣ ታውቃለች። እኔ እንግዲህ በዚያው ምግብ ናፍቆት ባሕር ልሻገር ነው።

ስለዚህ «የጣሊያን ምግብ» የሚባለውን ማን እንደፈጠረው ማወቅ ፈለግሁ። ከሁሉ ፊት የሚቆመው ፔሌግሪኖ አርቱዚ ነው። በንግድ ሥራው አገሩን ዞሯል፤ ባቡር ሲመጣ ደግሞ በባቡር። በ1855 በጋ ሊቮርኖ ከተማ ውስጥ ሚኔስትሮኔ የተባለውን የአትክልት ሾርባ ጠጥቶ ሌሊቱን በሙሉ ሆዱን ሲያመው አደረ፤ ሾርባውንም ረገመ። በማግስቱ ፍሎረንስ ከገባ በኋላ ሊቮርኖ ኮሌራ እንደገባና አሳዳሪው እንደሞተ ሰማ። ሾርባውን በሐሰት መክሰሱን አምኖ ወጉን ከነአሠራሩ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። መጽሐፉ በ1891 በራሱ ገንዘብ ሲታተም 475 ያህል የምግብ አሠራር ነበረው፤ በ1911 እስኪሞት ድረስ አንባቢዎች በደብዳቤ እየላኩለት 790 ደረሰ። ጣሊያን አንድ አገር ከሆነች ገና ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ አርቱዚ አንድ ማዕድ አቀረበላት።

ቀጥሎ የመጡት የጉዞ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የጎማ ፋብሪካው ሚሽላን በ1900 ለባለ መኪኖች መምሪያ አሳተመ፤ በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። ሰው ብዙ በነዳ ቁጥር ጎማው ያልቃላ! ጣሊያን ውስጥ ደግሞ በ1894 ሚላኖ ላይ ብስክሌት ጋላቢዎች ያቋቋሙት ቱሪንግ ክለብ በ1931 የመላ አገሪቱን የምግብ መምሪያ አወጣ፤ በየአውራጃው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ። ዛሬ በማስታወቂያ ወረቀቶቹ ላይ የምናያቸው መስመሮች አብዛኛዎቹ እዚያ ውስጥ አሉ።

ይኸው ድርጅት በ1938 ሌላ መምሪያ አሳተመ፤ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ» የሚል። ኤርትራን፣ ሶማሊያንና የእኛን አገር፣ መንገዱን ከነከተማው እየዘረዘረ ለአባላቱ አደላቸው። አርበኞች በየጫካው በሚዋጉበት ዓመት! ዝርዝሩ የጠነቀቀ በመሆኑ የታሪክ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ያገላብጡታል። የፓርማን ፎርማጆ የመዘገበና የእኛን አውራ ጎዳና የመዘገበ እጅ አንድ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጉዞውን ልተወው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «እነሱ እኛን በመምሪያ ሊያዩን ከመጡ እኛስ በዓይናችን ሄደን ብናያቸው?» አለችኝ።

የማስታወቂያ ወረቀቶቹ ከማይነግሩን ነገር ዋናው ረሃብ ነው። በፖ ወንዝ ሜዳ ይኖር የነበረው ገበሬ ፎርማጆውን ለገበያ እያወጣ እሱ ይመገብ የነበረው በአብዛኛው የበቆሎ ገንፎ ነበር። ዓመት እስከ ዓመት በቆሎ ብቻ የሚበላ ሰው ፔላግራ የሚባል፣ ቆዳን የሚልጥና አእምሮን የሚያናውጥ በሽታ ይይዘዋል። በ1881 በተደረገ ቆጠራ በሽተኞቹ መቶ ሺህ ያህል ነበሩ። ጣሊያኖች ወደ አሜሪካ የጎረፉት ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ ሸሽተው ነው።

አሁን ወደ አርባና ስምንቱ ልመለስ። ልዩነቱ የምቾት ብቻ አይደለም። የፓርሚጃኖ ፎርማጆ የሚሠራው ማለዳ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ የደረሰ ጎብኚ የሚያየው የታጠበ ወለል ነው። አንዱ የመዳብ በርሜል ሁለት ድብልብል ያወጣል፤ ለአንዱ ድብልብል ወደ 550 ሊትር ወተት ይሄዳል፤ ከዚያ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ይከርማል። የተረፈው አጓት ለአሳማዎች ይሰጣል፤ የፓርማ ፕሮሹቶ ከእነሱ ይመጣል። በእንፋሎት በታፈነችው ክፍል ውስጥ ከሠራተኞቹ አጠገብ ቆሞ ለመጠየቅ አርባ ሰው አይበቃም ሳይሆን አይችልም። መጠየቅ ደግሞ ደግ ነው፤ በዚያ አካባቢ ላሞቹን ከሚያልቡት መካከል ብዙዎቹ ከፑንጃብ የመጡ ሲኮች ናቸው። ኖቬላራ በተባለችው ትንሽ ከተማ ከ2000 ጀምሮ ትልቅ ቤተ መቅደስ አላቸው።

ስጎውም ቢሆን ጉድ አለው። እኛ «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የምንለውን ቦሎኛዎች አያውቁትም፤ ስጎው የሚፈስሰው ታሊያቴሌ በተባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ላይ ነው። በ1972 ስፋቱ ሲበስል 8 ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት በከተማው ንግድ ምክር ቤት አስመዘገቡ፤ በ1982 ደግሞ ስጎውን። በተመዘገበው ስጎ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለበት!

እንግዲህ ለእንደኛ ዓይነቱ ተጓዥ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው በአርባ ሰው መሐል ሰላጣ ይቀርብለታል፤ በስምንት ሰው ቤት ግን ባለሙያዋ ድስት ትለይለታለች። ቀኑንም መምረጥ ያሻል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ለፎርማጆ ጉዞ አይሆንም። ፍልሰታም እንዲሁ፤ ደግነቱ እሷ ኦገስት ላይ ስለምትውል፣ ጣሊያኖችም በኦገስት አጋማሽ ሱቃቸውን ዘግተው ባሕር ዳር ስለሚወርዱ የሚቀርብን ነገር የለም። ኦክቶበርን መረጥን፤ በረቡዕና በዓርብ የሞዴናን ኮምጣጤ እናያለን። እሱ ከወይን ጭማቂ ተቀቅሎ ቢያንስ አሥራ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል የሚቆይ፣ ጾመኛ የማያስነውር ነገር ነው።

ለስምንቱ ሰው ቡድን ወኪል ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ሦስት ጥያቄ ጽፌ ላክሁ፦ ወደ ፎርማጆው ቤት በስንት ሰዓት እንደምንደርስ፣ ድስት ይለይልን እንደሆነ፣ አስጎብኚው ስለ ፔላግራ የሚነግረን ነገር ይኖረው እንደሆነ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወዲያው መልስ መጣ። ለሦስተኛው ከአራት ቀን በኋላ አስጎብኚዋ ራሷ ጻፈችልኝ፤ ቅድመ አያቷ በዚያ በሽታ እንደሞተችና፣ በሙያዋ ይህን የጠየቃት ሰው እስካሁን እንዳልነበረ። ቀብዱን በማግስቱ ከፈልን።